ሁለት ኮር ይበቃዋል

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የቤተሰቡ ከፍተኛ ጉባኤ በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ለቤቱ አባወራ የሚገዛው ኮምፒውተር ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር። ሁለቱም ልጆች ተገኝተዋል፤ ወንዱ ዳቦውን ማር እየቀባ፣ ሴቷ ከሌሊት ተረኝነት እንደተመለሰች ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ። ተቃውሞም ሆነ ድምፀ ተዓቅቦ አልተመዘገበም። ሊቃወም ይችል የነበረው ብቸኛ ሰው፣ ማለትም አባወራው፣ በዚያች ሰዓት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግማሽ ፊታቸውን ሳሙና ቀብተው፣ ምላጭ ይዘው ቆመው ነበር።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ከሥሩ ውሃ በልቶት አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት አለው። "ይሠራል፣ ይሠራል" ሲባልለት ሦስት ዓመት የሞላው ክፍተት ነው፤ በእሱ በኩል ብርድ ይገባል፣ አልፎ አልፎ በረሮ ይገባል፣ ያን ጠዋት ደግሞ የልጅየው ድምፅ ገባ። "ሁለት ኮር ይበቃዋል" ይላል ድምፁ፣ ዳቦ እያላመጠ። "ዜና ነው የሚያነበው። ሲሰለቸው ካርታ ይጫወታል፣ የድሮ ፎቶዎቹን ያያል። ለዚህ ሁለትም ይበዛል።" እህትየው ትንሽ አመነታች። "ከአራቱ ጋር ብዙም የዋጋ ልዩነት የለውም አላልከኝም ነበር?" አለች። "የለውም። ግን ስንት ዓመት ሊጠቀምበት ነው ብለሽ ነው?"

እዚህ ላይ ዝም ተባለ። ማንኪያ ከሳህን ጋር ተጋጨ፣ ሻይ ተቀዳ፤ መልስ ግን አልመጣም። አባወራውን፣ ጡረታ የወጡትን የመሬት ቀያሽ፣ ያመማቸው ጥያቄው አይደለም። ልጃቸው አፉ እንጂ ሆዱ ክፉ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሚናገረውን አንዳንዴ ራሱም አይሰማውም። ያመማቸው የሴቷ ዝምታ ነው። ነርስ ናት። በየእሁዱ የደም ግፊታቸውን የምትለካው እሷ፣ የላቦራቶሪ ወረቀታቸውን ከሐኪሙ በፊት የምታነበው እሷ። ዝም ስትል በሆዷ አስልታ፣ መልሱን አግኝታ፣ በጨዋነት የዋጠችው መሰላቸው። ምላጩ አገጫቸውን ጫር አደረገው። ደሙን በሳሙናው ላይ ጠረጉና፣ ሰው መኖሩን ለማሳወቅ ከሚሳሉት ሳል ሁለት እጥፍ የሚሆን ሳል ስለው በሩን ከፈቱ። ጉባኤው ወዲያውኑ ስለ አየሩ ሁኔታ ወደ መወያየት ተሸጋገረ።

"አባዬ፣ ተቆረጥክ እንዴ?" አለች ነርሷ።

"ምላጩ አሮጌ ነው" አሉ። "ግን ገና ይቆርጣል።"

ልጅየው ባንክ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰፈርተኛው "ሲስተም" ይለዋል፤ መስኮት ላይ በጀመረባቸው ዓመታት ለተሰለፈው ሁሉ "ሲስተም የለም" እያለ ስለመለሰ፣ ስሙ በዚያው ጸድቆለት ቀረ። በቤቱ ውስጥ መሰኪያ ያለው ዕቃ ሁሉ በእሱ ሥልጣን ሥር ነው። ፍሪጅ የሚመርጠው እሱ፣ የቴሌቪዥኑን ቁልፍ ቃል የሚያውቀው እሱ። ቀያሹ በሠላሳ አንድ የሥራ ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያና ስፍር ቁጥር የሌለው ድልድይ ከመሬት ላይ አንሥተው ወረቀት ላይ ያሰፈሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር ግን የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ከእጃቸው ተወስዶ አራት ቁልፍ ብቻ ያለው ትልቅ ነጭ መቆጣጠሪያ ተሰጣቸው። ያኔ ምንም አላሉም። ዝምታቸው እንደ ፈቃድ ተቆጠረና ከመቆጣጠሪያው ቀጥሎ ስልካቸው ተቀየረ፣ ከስልኩ ቀጥሎ ሳሎኑ ላይ የነበረው የሥዕል ጠረጴዛቸው ወደ ጓሮ ክፍል ሄደ፤ ከጠረጴዛው ጋርም እሳቸው።

የጓሮው ክፍል በፊት የዕቃ ቤት ነበረ። አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ማራገቢያው እህል እንደሚወቃ ሰው የሚያቃስት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ልጆቹ የማያውቁት ነገር የዚህ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። የዛሬ ሳምንት፣ ድሮ የመለኪያ ዘንግ ይይዝላቸው የነበረ ሰው ደወለላቸው። ዘንግ ያዡ አሁን የራሱ ድርጅት፣ የራሱ ድሮንና የራሱ ቦርጭ ያለው ሰው ሆኗል፤ ቀያሹን ግን ዛሬም "አለቃ" ነው የሚላቸው። አንድ የድንጋይ ማውጫ ተራራ ከሰማይ በሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ፎቶ ተነሥቷል፤ ከፎቶዎቹ የተራራው ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ተሠርቶ ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ እንደወጣ መለካት አለበት። ማሽኑን የሚነካ ወጣት ሞልቷል፤ መሬት አይቶ "ይሄ ቁጥር ውሸት ነው" የሚል ዓይን ግን ጠፍቷል። ሐሙስ ጠዋት ካደረሱለት የየወሩ ሥራ የእሳቸው ነው፤ ካላደረሱለት ለሌሎች ቀያሾች ይሰጣል። አሮጌው ኮምፒውተር ሥራውን ሲጀምር የሚቀረውን ጊዜ አሰላና ዘጠኝ ቀን አለ። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ደግሞ እሱንም ትቶ ጠፋ።

ለልጆቹ ያልነገሩት ተደብቀው መሥራት ወደው አይደለም። አምና ነግረው ነበር። ያኔም ዘንግ ያዡ ጠይቋቸው፣ እሳቸው እራት ላይ እንደዋዛ አነሡት፤ ሲስተም በማግስቱ ደውሎ በትሕትና "አባታችን ደክሟል፣ እባክህ አታስቸግረው" አለው። ይህንን የሰሙት ከወራት በኋላ ዘንግ ያዡን መንገድ ላይ ሲያገኙት ነው፤ "ተሻለዎት ወይ አለቃ?" ብሎ እንደ በሽተኛ ክንዳቸውን ደገፈ። የዚያን ዕለት ቤት ገብተው ልጃቸውን አልተቆጡም። በፍቅር የተደረገ ነገር ለቁጣ አይመችም፤ መያዣ የለውም። ይልቅ ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ማውራት ተዉ።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ለቀያሹ ሁለት ጉዳይ ተሰጣቸው። አንደኛው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ነርሷ የምታውቀውን ሐኪም ለምና ለሦስት ሰዓት ተኩል ቀጠሮ አስይዛላቸዋለች። በግራ በኩል ሦስት የመንጋጋ ጥርስ ከጎደለ ዓመት አልፎታል፤ ከጡረታቸው ላይ ቆጥበው ያስቀመጡት የጥርስ ብር በፖስታ ውስጥ በደረት ኪሳቸው አለ። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን መረከብ ነው። ሲስተም ዋጋውን ከፍሎ ጨርሷል፤ ሱቁም ከሐኪሙ ሕንፃ ምድር ቤት ስለሆነ እግረ መንገዳቸውን ፈርመው መውሰድ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። "ምንም አትንካ፣ ምንም አትጠይቅ" አላቸው ደረሰኙን ሲሰጣቸው። "ፈርመህ ታክሲ ላይ ማስጫን ብቻ። ማታ መጥቼ እኔ እሰካልሃለሁ።" ቀያሹ ደረሰኙን ተቀብለው ከፖስታው አጠገብ ከተቱት። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው አንድ ፍላሽ፣ አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው የመስክ ደብተርና የተቀረጸ እርሳስ ኪሳቸው ጨመሩ።

ሕንፃው ጋ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ደረጃው ሥር ቆሙ። ከላይ የጥርስ መሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል፤ በግራ በኩል የኮምፒውተር ሱቁ የመስታወት በር አለ። እዚያች ቦታ ላይ ምን ያህል እንደቆሙ አልለኩም፤ ሁሉን ነገር ለሚለካ ሰው ይህ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። መጀመሪያ ያሰቡት ሱቁን አይተው ለመውጣት ብቻ ነበር፣ ወይም እንዲህ ለራሳቸው ነገሩት። በሩን ገፍተው ሲገቡ የተቀበላቸው ግን ኮምፒውተር ሳይሆን ወረቀት ነው። ባንኮኒው ላይ በተዘጋጀው ካርቶን ላይ፣ በሲስተም ትዕዛዝ መሠረት በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ለአዛውንት። ቀላል ይሁን።"

ሻጯ ጸጉሯን በካቻቪቴ ጠቅልላ ያሠረች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ናት። "አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ልጅዎ ሁሉን ነገር አስጭኖልዎታል" አለች። "ፊደሉ ሳይቀር ትልልቅ ተደርጓል።"

"ፊደሉን ማን አሳድጉ አላችሁ?"

"ልጅዎ ነዋ።"

"እንግዲያው ለእሱ አሳድጉለት" አሉ ቀያሹ፣ ወረቀቱን ከካርቶኑ ላይ በጥንቃቄ፣ ጠርዙ እንኳ ሳይቀደድ እየላጡ። "እዚህ ያሉት ማሽኖች ስንት ስንት ኮር አላቸው?"

ሻጯ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ ንግግር ነበራት፣ ለቀቀችው። ኮር ማለት ልክ እንደ አንጎል ነው፣ ሁለት ኮር ሁለት አንጎል ማለት ነው፣ ለእርስዎ ዓይነት ሰው ደግሞ... ቀያሹ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት። ኮር ምን እንደሆነ ከሷ በፊት በራሳቸው ቋንቋ ተርጉመው ጨርሰዋል። ለእሳቸው ኮር ማለት ዘንግ ያዥ ነው። አንድ ዘንግ ያዥ ካለህ የቅየሳ መነጽሩ ሥር ቆመህ እሱ ከነጥብ ወደ ነጥብ እስኪሄድ ፀሐይ ይበላሃል። ሁለት ካሉህ አንዱ ሲቆም ሌላው ይራመዳል። ስድስት ካሉህ ሜዳው ቶሎ ያልቃል። ሃያ አራት ካሉህ ግን መነጽሩ አንድ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የቀን አበል ያወራሉ። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ዘንግ ያዥ አለ አይደለም፤ ለዚህ ሜዳ ስንት ዘንግ ያዥ ይበቃል ነው። ይህን ደግሞ በምላስ ሳይሆን በሜዳ ነው የሚያውቁት። ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ውስጡ ሠላሳ ፎቶና ፕሮግራሙ አለ። አንድ ዓይነት ሥራ፣ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፤ ደርሶ መልስ።

"ሁለት ጊዜ ለምን?" አለች ሻጯ። "አንዴ ካየነው አይበቃም?"

"አንዴ ብቻ የተለካ ነገር ወሬ ነው" አሏት።

እሷም ገበያ ስለሌላት፣ ነገሩም ስላሳቃት ፈቀደች። ከባለ ሁለት ኮሩ ጀመሩ፤ በልጅየው የተመረጠው፣ ካርቶኑ ገና የተከፈተው። ቀያሹ በእጅ ሰዓታቸው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሃያ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። እንደገና። ሃያ አራት ከሁለት። ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ ልዩነቱን አወጡ፣ ተቀባይነት አለው ብለው በራሳቸው አመኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ወፍራም ደንበኛ የማተሚያ ቀለም ሊገዛ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። "አባባ ጌም ሊጫወቱ ነው እንዴ?" አለ ለሻጯ፣ እሳቸው እንደማይሰሙ ሁሉ። ቀያሹ ዓይናቸውን ከሰዓቱ ላይ ሳያነሡ፣ "አዎ፣ ተኩስ ያለበትን" አሉት። ሰውየው ቀለሙን ተቀበለ፣ ግን አልወጣም። በባለ ስድስት ኮሩ ላይ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩ ላይ ሰዓት ይቆጥር ጀመር፤ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሲሞላ ከቀያሹ ጋር እኩል "አለቀ" አለ።

ስልካቸው የጮኸው ባለ አሥራ ሁለቱ ሲጀመር ነው። ዘንግ ያዡ ነው። ከጀርባው የመኪና ሞተርና የሰው ጩኸት ይሰማል። "አለቃ፣ እንዴት ሆነልን? እውነቱን ንገሩኝ፣ የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ልወቀው። ሌሎቹ እኮ ደጅ እየጠኑኝ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ እጄ ላይ ካልገባ ባለቤቶቹም አያናግሩኝም።" ቀያሹ የሰዓቱን ቆጣሪ እያዩ "ጠብቀኝ" አሉ። ሰውየው ጠበቀ። ድሮም ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መቆም ነበር ትልቁ ችሎታው። አምስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። "ሐሙስ ጠዋት እጅህ ላይ ነው" አሉት። "እርግጠኛ ነዎት?" "አንድ ጊዜ ነው የለካሁት። ልድገመውና እደውልልሃለሁ።" ደገሙት። አምስት ከስምንት። መልሰው ደውለው "እርግጠኛ ነኝ" አሉት። ከዚያ ሻጯ፣ አሁን ነገሩ የገባት፣ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አውርዳ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠውን ንጉሥ አወጣችላቸው፤ ሃያ አራት ኮር ያለው፣ ዋጋው ሲጠራ ወፍራሙ ደንበኛ ግድግዳውን ለቆ ቀጥ ያለበት። አራት ደቂቃ ከሃምሳ። አራት ከአርባ ስድስት።

"አየሽ?" አሉ ቀያሹ፣ ደብተሩን ወደሷ አዙረው። "እጥፍ ሰው ቀጥረሽ ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው ያተረፍሽው።"

"ሠላሳ ፎቶ ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ሥራው ሲበዛ..." ብላ ጀመረችና ቁጥሮቹን ደግማ አየች። "እሺ። ትንሽ ነው የሚሻለው። አልዋሽዎትም።"

"ስለማትዋሺኝ ባለ አሥራ ሁለቱን ካንቺ እገዛለሁ።"

ፎቶ ሲጨምር ሥራው ከፎቶው ቁጥር በላይ ስለሚያድግ፣ በሁለቱ ኮር ሙሉው ሥራ አምስት ቀን ተኩል ይፈጃል፤ በአሥራ ሁለቱ ሃያ ስምንት ሰዓት ገደማ። ማክሰኞ ከሰዓት ከጀመሩት ረቡዕ ማታ ያልቃል፣ ቁጥሩን ለመፈተሽም አንድ ሌሊት ይተርፋቸዋል። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድም ማቀዝቀዣውም አብሮ መለወጥ አለበት፣ ማስታወሻው ራምም መጨመር አለበት። ሻጯ ልጅየው ከከፈለው ላይ የሚጨመረውን ልዩነት በወረቀት ጽፋ አሳየቻቸው። ወረቀቱን አዩትና በምላሳቸው የግራ መንጋጋቸውን ባዶ ቦታ ዳሰሱ፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሦስት ጥርስ ማለት ነው፣ ሳንቲም አይተርፍም አይጎድልም ማለት ይቻላል። በቀኝ በኩል እያኘኩ ዓመት ኖረዋል፤ በአንድ ኮር እንደሚሠራ ማሽን ዘግየት ይላል እንጂ ሥራው ይሠራል። ፖስታውን አወጡ። ከላዩ ላይ በነርሷ የእጅ ጽሑፍ "የአባዬ ጥርስ" ይላል። ብሩን ለሻጯ ሰጥተው ፖስታውን አጥፈው መልሰው ከተቱት። ፎቅ ላይ መሰርሰሪያው አሁንም ይጮሃል፤ በእሳቸው ወንበር ላይ ሌላ ሰው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። በዚያች ደቂቃ ትንሽ አፈሩ። ሐኪሙን ሳይሆን ልጃቸውን፤ ቀጠሮውን ያገኘችው ለምና ነው። እፍረቱን ግን እንደ ማንኛውም የመስክ ስሕተት ለኩትና ከሚፈቀደው ወሰን በታች ሆኖ አገኙት።

ሻጯ ካቻቪቴውን ከጸጉሯ መዝዛ ስትገጥም ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ቀያሹ አጠገቧ ተቀምጠው እያንዳንዱን ብሎን አዩ፤ የማይገባቸውን ጠየቁ፣ እሷም እንደ ሰው መለሰችላቸው። ሲጨርሱ "ለምን እንደሚፈልጉት አልነገሩኝም" አለች። "ለድንጋይ" አሏት፤ እሷም አልደገመችም። ወፍራሙ ደንበኛ ካርቶኑን እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከመላቸው። በሩን ሲዘጋላቸው ከልቡ አዝኖ፣ "ሃያ አራቱን ቢወስዱት ግን ያምር ነበር" አለ።

ቤት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ነርሷ ከእንቅልፏ ሳትነሣ፣ ሲስተምም ባንክ ቤት ሳለ፣ ገመዱን ራሳቸው ሰኩ። አሮጌውን ኮምፒውተር አቅፈው አልጋው ሥር ከተቱት። ትልልቆቹን ፊደላት ወደ ልካቸው መለሱ። ፎቶዎቹን ጫኑ፣ አሥር አሥሩን እያወጡ በዓይናቸው ፈተሹ፣ አንድ ደብዛዛ አግኝተው ጣሉት። አሥር ሰዓት ላይ ሥራው ተጀመረ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሥራውን ጫና የሚያሳዩት ትንንሽ ሳጥኖች ባዶ ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ እስከ አፍንጫቸው ሞሉ። ከመካከላቸው ጥላ ሥር የተቀመጠ የለም። ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣው አየር ሞቃት ነበር፤ ቀያሹ እጃቸውን ዘርግተው ሞቁት። ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ በኋላ ለሦስት ዓመት ማንም ምንም ያልጠበቀባቸውን ሰው፣ አሁን አንድ ሰው ሐሙስ ጠዋት ይጠብቃቸዋል። ከጉሮሯቸው የሆነ ዜማ ቢጤ ሲወጣ ሰምተው ደነገጡና አቆሙት።

ሲስተም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ኮምፒውተሩን ሊሰካ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በጥሩ መንፈስ ነበር የገባው። ነርሷም ሻይዋን እንደያዘች ተከትላው መጣች። የጓሮው ክፍል ለሦስት ሰው ስለማይበቃ በሩ ላይ ቆሙ። ልጅየው መጀመሪያ ማሽኑን አየ፣ ቀጥሎ የማይሆን ነገር እንዳየ ሰው ጎንበስ ብሎ የፕሮሰሰሩ ካርቶን ላይ ያለውን አነበበ፣ ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የሞሉትን ሳጥኖች ቆጠረ። ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

"አሥራ ሁለት ኮር?" አለ። "አባዬ፣ ማነው ይሄን የሸጠልህ? አጭበርብረውህ ነው። አንተን አይተው ነው እኮ። ችግር የለም፣ ያውቁኛል፣ ነገ ጠዋት ደውዬ አስመልሰዋለሁ።"

"አይመለስም።"

"ልዩነቱን በምን ከፈልከው?" አለችና ነርሷ፣ ወዲያው ራሷ መለሰችው። ፊታቸውን አየች። የግራ ጉንጫቸው እንደ ጠዋቱ ገባ ያለ ነው፣ እብጠት የለውም፣ የማደንዘዣ ምልክት የለውም። የሻይዋን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። "ሐኪሙ ጋ አልሄድክም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ሰውየውን ስንት ጊዜ እንደለመንኩት ታውቃለህ?" አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀላቸው ነበር። ቀያሹ "አውቃለሁ" አሉ። "ነገ እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።"

ሲስተም ግን ዓይኑ ማሽኑ ላይ ነበር። እጁን ወደ ማሽኑ ላከ። "ለማንኛውም አሁን ላጥፋው፣ እንዲህ ሆኖ ከቆየ ይቃጠላል፤ የሆነ ነገር ዝም ብሎ እየሠራ ነው..."

"እጅህን አንሣ።"

ድምፃቸው ከፍ አላለም። በነፋስና በሞተር መካከል ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ትእዛዝ ይሰጡበት የነበረው ድምፅ ነው፤ ልጆቹ ተወልደው ሰምተውት አያውቁም። የልጅየው እጅ በአየር ላይ ቀረች፣ ከዚያ የት እንደምትገባ ጠፍቷት ኪሱ ገባች። ነርሷ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከሳጥኖቹ በላይ፣ በጥቁሩ ላይ፣ ብዙ ሺህ ግራጫ ነጥቦች ቀስ እያሉ ይሰበሰባሉ፤ የሆነ ጎርባጣ ነገር ጫፍ ቅርጽ እየያዘ ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ሊገባት የቀረበ ይመስል ነበር፣ ወይም እሳቸው እንደዚያ ፈለጉ።

"አባዬ" አለ ሲስተም፣ አሁን ለስለስ ብሎ፤ አምና በስልክ የተናገረበት ለስላሳነት ይህ መሆን አለበት። "ማንም አልተቆጣህም። ለእኛ ብለን ሳይሆን ለአንተው ብለን ነው። ቢያንስ አሥራ ሁለት ኮር ምን እንደሚሠራልህ ንገረን። ከነገርከን እኮ እናግዝሃለን።"

ቀያሹ ሁለቱንም አዩአቸው። ልጅየው በእውነት ሊያግዝ ፈልጓል፤ ከኪሱ ስልኩን ግማሽ ድረስ አውጥቶታል። የሚሉት ነገር ምላሳቸው ላይ ነበር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ድንጋዩ፣ ፎቶዎቹ፣ ሐሙስ። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ።

"አልነግራችሁም" አሉ።

"ለምን?"

"እሱንም አልነግራችሁም።"